ከጋላፊ ማዶ የመጣው ጀሪካን

ሥርጉት ባሕር ያየች ሴት ናት። ኮምቦልቻ ስታስተምር የምትታወቀው በዚህ ነበር። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ወሬ ሲቀዘቅዝ አንዱ፣ «እስኪ ወይዘሮ ቀይ ባሕር ትጠየቅ!» ይላል። የሒሳብ መምህርቷ ትህትና ደግሞ፣ «ኧረ በማርያም ተዉአት! አንዴ ከጀመረች ደወልም አያስቆማት። እኔ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ሌላ ትልቅ ውሃ አላየሁም፤ እሱም በቅቶኛል» ትልና ታስቃቸዋለች። ሥርጉትም አብራ ትስቃለች፤ ከዚያ ትጀምራለች።

ባሏ ስለሺ ከጅቡቲ ወደብ ወደ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ዕቃ የሚያመላልስ የተሳቢ ሹፌር ነበር። ዲግሪ የያዘች የጂኦግራፊ መምህርት ሹፌር ስታገባ ዘመድ አዝማድ ያላለው ነገር አልነበረም። እሷ ግን ክረምት በመጣና ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ጋቢናው ውስጥ ከጎኑ ተቀምጣ፣ በባቲ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ አድርጋ እስከ ባሕሩ ትወርዳለች። ሌላው መምህር ካርታ ላይ በጣቱ የሚያሳየውን እሷ በዓይኗ አይታ ታስተምራለች። ይህም ከጓደኞቿ ለያት። በፍቅር ነው የለዩአት፤ ቢሆንም ለዩአት። ስለ ጤፍ ዋጋ ሲጫወቱ እሷን የሚጠይቅ የለም፤ እሷ የምትጠየቀው ስለ መርከብ ነው።

ቤቷም እንደ ሰው ቤት አልነበረም። በሌላው ሳሎን ባለ መስታወቱ ቡፌ ውስጥ የሚደረደረው ብርጭቆና የሠርግ ፎቶ ነው። በሥርጉት ቡፌ ውስጥ ግን የሰጎን እንቁላል፣ እንደ ሎሚ የተድቦለቦለ የጨው ድንጋይ፣ ቀዳዳ የበዛበት ነጭ የባሕር ድንጋይና ክንድ የሚያክል የመርከብ ገመድ ቁራጭ ነበር። የላይኞቹ እነዚህ ናቸው። በታችኛው መደርደሪያ ደግሞ አንድ እግር የሕፃን ጫማ፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ፣ ፊደሉ በውሃ የታጠበ የስልክ ቁጥር ማስታወሻና የምን በር እንደሚከፍቱ የማይታወቁ ቁልፎች አሉ።

«ይሄ ቆራሌው ስለሺ!» ትል ነበር ጎረቤቷ ረሂማ። «የሰው ባል ከጅቡቲ ሽቶና ሻርፕ ያመጣል፤ ያንቺው የተሰበረ ማበጠሪያ!»

ሥርጉት ስቃ ታልፈዋለች። እውነቱን ለማንም ነግራ አታውቅም። የታችኛውን መደርደሪያ ዕቃ ስለሺ የገዛው ሳይሆን ያነሣው ነው። ከጋላፊ ማዶ፣ ልጆች በእግራቸው ወደ ባሕሩ በሚያቋርጡት የጥቁር ድንጋይ ሜዳ ላይ ወድቆ ሲያገኘው ያነሣዋል። «መሬት ላይ ከሚቀር የሰው ቤት ይግባ» ይላል። ሌላ ምክንያት ሰጥቶ አያውቅም።

ረሂማ ልብስ ሰፊ ናት። የሥርጉትን ትምህርት ቤት ወይን ጠጅ ዩኒፎርም የምትሰፋው እሷ ነበረች። ግድግዳቸው አንድ ስለነበር ልጆቿ ሀፊዝና ሙና ግማሽ ዕድሜያቸውን ያደጉት በሥርጉት ሳሎን ነው። ሥርጉት ልጅ አልወለደችም። ሀፊዝ ተማሪዋም ነበር፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከቡፌው ፊት ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አገጩን በጉልበቱ ያስደግፋል።

«ቲቸር፣ ባሕሩ መጀመሪያ ሲታይ ምን ይመስላል?»

«መጀመሪያ ሰማይ ነው የሚመስልህ። ሰማዩ ወደ መሬት የወረደ ይመስልሃል» ትለዋለች።

ይህን አሥር ጊዜ ጠይቋት አሥር ጊዜ መልሳለታለች። ስትመልስም ደስ እያላት ነበር።

ሀፊዝ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱ ሳይመጣለት ቀረ። አንድ እሑድ ለእናቱ ደጋን ከተማ አጎቴ ጋ ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጣ። ደጋን አልደረሰም። ይህ ከሆነ ስምንት ዓመት አልፎታል።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ሥርጉት ከስለሺ ጋር ወረደች። ጋላፊን አልፈው፣ ፀሐይ ድንጋዩን በምታጤስበት ሰዓት፣ በመንገዱ ዳር የሚጓዙ ሰዎች አዩ። ሰባት ወይም ስምንት ይሆናሉ። መኪናውን ሲያዩ ሌሎቹ ባሉበት ቆሙ፤ አንዱ ግን ተነጥሎ ሮጠ። የሮጠው በሥርጉት በኩል ነው። ከመስኮቷ ሥር፣ የውሃ ጀሪካኑን ቁልቁል ገልብጦ ወደ ላይ እያነሣ ሮጠ። ባዶ ነው ማለቱ ነበር። አቧራው ፊቱን አላሳያትም፤ ያየችው የተገለበጠውን ጀሪካንና የተሸፈነበትን ወይን ጠጅ ጨርቅ ብቻ ነው።

ስለሺ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣ፤ መኪናው ቀስ አለ። በዚያ ሰሞን አንድ የሚያውቁት ሹፌር ስደተኛ ጭነሃል ተብሎ ታስሮ ነበር። ሥርጉት ያ ትዝ አላት። ወይም በኋላ ራሷን ስትጠይቅ፣ ያ ነው ትዝ ያለኝ ብላ ትመልሳለች።

«አትቁም» አለችው።

ስለሺ ዞር ብሎ አያት። ከዚያ ነዳጁን ረገጠ። ከመቀመጫቸው ኋላ ሃያ ሊትር ውሃ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለሺ ብቻውን ደርሶ ሲመለስ ጀሪካኑን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ነው፤ ውሃው እንዳይሞቅ በዩኒፎርም ጨርቅ ዙሪያውን ተሰፍቷል።

«ያን ቀን ካለፍንበት አካባቢ ነው፤ ድንጋይ ሥር አገኘሁት» አለ። «ባለቤቱን ፈለግሁ። የለም። ሬሳም የለ፣ መቃብርም የለ።»

ሥርጉት አነሣችው። ማንገቻው የልብስ ሰፊ ሜትር ነበር፤ ቁጥሩ የደበዘዘ ቢጫ ሜትር፣ ለሁለት ታጥፎ የተሰፋ። ጫፉ ላይ ክሩ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ ተቋጥሯል። በከተማው ስፌት እንዲህ አድርጎ የሚጨርስ አንድ ሰው ብቻ ነው። ረሂማ ይህን ሜትር አንገቷ ላይ አድርጋ በረንዳው ላይ ስትሰፋ ሥርጉት ስንት ዓመት አይታታለች።

«ምነው?» አላት ስለሺ።

«ምንም» አለችው።

የማን እንደሆነ እስኪሞት አልነገረችውም። እሱም ስለዚያ ቀን አንሥቶባት አያውቅም። ከዚያ በኋላ ግን በሄደ ቁጥር አራት ጀሪካን ውሃ ይጭንና በየድንጋዩ ሥር እያስቀመጠ ያልፋል። ከሦስት ዓመት በፊት ጋላፊ ላይ ወረፋ ሲጠብቅ ጋቢናው ውስጥ እንደተኛ ቀረ። ሥርጉት ስለ እሱ ከዚህ በላይ ለሰው አታወራም።

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የሥርጉት ዝምታ ግን ነቅዞ ነበር።

በጦርነቱ ጊዜ ኮምቦልቻ ያለው ቤቷ ሲዘረፍ ቴሌቪዥኑ፣ ፍራሹ፣ ብረት ድስቱ ሳይቀር ተወስዶ ነበር። ቡፌውን ግን ከፍተው ዘግተውታል። የላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለው የሰጎን እንቁላል እንኳ አልተነካም። ረሂማ ይህን አይታ፣ «አጀብ ነው! ሌባም ፈርቶት ሄደ» ብላ ነበር። ሥርጉት በዚያ ቀን አልሳቀችም።

ስለሺ ከሞተ በኋላ ዝውውር ጠይቃ ደሴ ገባች፤ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየች። ቡፌውን ይዛ መጣች። ጀሪካኑ ከታችኛው መደርደሪያ ኋላ፣ በፎጣ ተሸፍኖ ነበር።

አንድ ጠዋት ሳሎኗን ስትጠርግ የቡፌው መስታወት አልቦ አየች። ከውጭ በጨርቅ ብትወለውለው አልጠፋ አለ፤ ያላበው ከውስጥ ነው። ከፍታ አደረቀችው። በማግስቱም አላበው። የጂኦግራፊ መምህርት ናት፤ እርጥበትና ቅዝቃዜ ምን እንደሚሠራ ለሌላው የምታስረዳው እሷ ናት። ለራሷም አስረዳች። ነገር ግን አንድ ምሽት፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ከጀሪካኑ አጠገብ አኖረች። ጠዋት ብርጭቆው ሩብ ያህል ጎድሏል። ነሐሴ ነበር። በነሐሴ ጉም ደሴ ውስጥ የታጠበ ካልሲ በሦስት ቀን አይደርቅም። ሥርጉት ብርጭቆውን መልሳ ሞላችው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሞላችው፤ በየቀኑም ጎደለ። ለማንም አልተናገረችም፤ ምን ብላ ትናገራለች?

በየዓመቱ ሀፊዝ በወጣበት ወር፣ ሐሙስ ቀን፣ ረሂማ ልጇ እንዲመለስ ዱዓ ታስደርጋለች። ሰፈርተኛው ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ይሰበሰባል፤ ሽማግሌው ሼኽ ዘይኑልአቢዲን ይመርቃሉ፤ ሰው አሚን ይላል። ሥርጉትም አንድም ዓመት ቀርታ አታውቅም። ዘንድሮም ረሂማ ደወለችላት፤ ድምፅዋ ከወትሮው የተለየ ነበር።

«ዘንድሮ የምነግርሽ አለኝ። ብቻ ነይ!»

ሥርጉት በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወረደች። ረሂማ በረንዳው ላይ ተቀበለቻት፤ ጉንጯን ስማ አልጠግብ አለች።

«መጣሽ ወይዘሮ ቀይ ባሕር! ጉሙ ውጦሽ የቀረሽ መስሎኝ። ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽው? ደሴ የሚበላው ብርድ ብቻ ነው እንዴ?»

«አርጅቼ ነው እንጂ።»

«አንቺ ካረጀሽ እኔ ተቀብሬያለኋ!» አለችና እጇን ይዛ ወደ ጓዳ ሳበቻት። «ስሚኝማ። አንድ የሐርቡ ልጅ ሳዑዲ፣ ጂዛን ገበያ ላይ ሀፊዝን አየሁት አለ። ጢም አውጥቷል አለ። ወላሂ፣ ጢም አውጥቷል አለ! ቅዳሜ ከሐርቡ የሚነሡ አሉ። ሙና አብራቸው ትሄድና ወንድሟን ይዛልኝ ትመጣለች።»



«ረሂማ፣ ሴት ልጅ በዚያ መንገድ…»

«አንቺ ሄደሽ የለም እንዴ?»

«እኔ የሄድኩት በመኪና ነው።»

«እሷም እኮ ግማሹን በመኪና ነው አሉ። አብሽሪ፣ ምንም አትሆን።»

ሙና አልጋዋ ላይ ሻንጣ ከፍታ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሥርጉትን ስታይ ብድግ ብላ ሳመቻትና ከትራሷ ሥር ደብተር አወጣች። ከተሞችን በተራ ጽፋበታለች፤ ባቲ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ። ከጋላፊ በኋላ ገጹ ባዶ ነው።

«ቲቸር፣ እርስዎ ያውቁታል። ከዚህ በኋላ በየት በኩል ነው የሚያዘው?»

«አላስታውሰውም።»

«ኧረ ቲቸር! ልጅ ሆኜ ለሀፊዝ ሲነግሩት ከኋላው ሆኜ እሰማ ነበር እኮ። መጀመሪያ ሰማይ ይመስላል ብለውት ነበር።»

ዱዓው ሊጀመር ነው ሲባል ሥርጉት ከሴቶቹ ጋር ገብታ ተቀመጠች።

ሼኹ ጫታቸውን ገለል አድርገው እጃቸውን ዘረጉ።

«ሀፊዝን ያለበት አገር አየር ይስማማው፤ ለእናቱ ዓይን ያብቃው!»

«አሚን!»

«ሙናንም መንገዱን ጨርቅ ያድርግላት! ሂዳ ይዛው ትምጣ!»

«አሚን!»

ሥርጉት ሰባት ዓመት ሙሉ በዚህ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ አሚን ብላለች፤ እንዳይታወቅባት ከሌላው ሰው ይልቅ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትል ነበር። ዛሬ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣም። ሼኹ ዓይናቸው ቢደክምም ጆሯቸው አልደከመም።

«ሥርጉት ልጄ፣ ዛሬ አሚንሽን የት ጥለሽው መጣሽ?»

ሴቶቹ ሳቁ።

«ጉንፋን ይዞኝ ነው ሼኽ» አለች።

ዱዓው ሲያበቃ ከግቢው ወጥታ ጠበቀቻቸው። ሼኹ ወጡ፤ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከሰፈሩ የቅሬ ዳኛ ከአቶ አግማስ ጋር እየተጨዋወቱ ነበር። ቅሬው ሟች የሚቀብር፣ ሐዘንተኛ የሚያስተዛዝን የሰፈሩ ማኅበር ነው፤ መርዶ የሚነገረውም በእሱ ሽማግሌዎች በኩል ነው። አንድ ሰው የሞት ወሬ ቢይዝ ብቻውን ሄዶ አይናገርም። ለቅሬው ያሳውቃል፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ገና ጎህ ሲቀድ የቤቱን በር ያንኳኳሉ፤ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ወሬውን ያመጣው ሰው ከኋላ ቆሞ ያለቅሳል እንጂ የሚጠይቀው የለም። ሥርጉት ብቻዋን ከረሂማ ፊት ከምትቆም ይህን መንገድ መረጠች።

«የሀፊዝ ዕቃ እኔ ቤት አለ» አለቻቸው። «ባለቤቴ ከጋላፊ ማዶ ወድቆ አግኝቶት ነው። ነገ ጠዋት መርዶ ይነገርልኝ።»

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ።

«ሬሳውን ያየ አለ?» አሉ አቶ አግማስ።

«የለም።»

«የቀበረውስ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን አየን ብለን ነው የምናረዳት? በጀሪካን መርዶ አይነገርም፣ መምህርት። እኛ የሞተ ነው የምናረዳ፤ የጠፋ አናረዳም። ልጁ ነገ ከነጢሙ ቢመጣ የቅሬው ፊት የት ይገባል?»

ሥርጉት ወደ ሼኹ ዞረች። እሳቸው ምርኩዛቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ ቆዩ።

«ሞቱን የሚያውቀው አላህ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ ግን ያየሽው ነገር አለ። እሱ አንቺ ዘንድ ያለ አማና፣ የሰው አደራ ነው፤ በሰው አፍ አይመለስም። ራስሽ መልሺው።»

ጥለዋት ሄዱ። ሥርጉት ከሽማግሌዎች ኋላ ቆማ ልታለቅስ ነበር ያሰበችው፤ አሁን ከፊቷ የሚቆም ሰው አልነበረም።

ዓርብ ማለዳ ጀሪካኑን በነጠላ ጠቅልላ ከደሴ ተነሣች። ጉሙ መንገዱን ውጦታል። የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወርዱ ከጎኗ የተቀመጠ ጎልማሳ ጭኗ ላይ ያለውን ጥቅል አየ።

«ዘይት ነው እንዴ? የት አገኙት? ይንገሩን እንጂ!»

ሰው ሳቀ።

«ዘይት አይደለም» አለች። እስኪወርዱ ድረስ ያናገራት አልነበረም።

ረሂማ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናዋን እያንቀሳቀሰች ነበር፤ ለሙና የመንገድ ሱሪ ትሰፋለች። ሥርጉትን ስታይ እግሯን ከፔዳሉ አነሣች።

«በሰላም ነው? ትናንት ሄደሽ አልነበረም?»

ሥርጉት ነጠላውን ፈታችው።

ረሂማ ጀሪካኑን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። መጀመሪያ ያየችው ልብስ ሰፊዋ ነበረች፤ እናቲቱ ገና አልደረሰችም።

«ይሄ የኔ ስፌት ነው እኮ!» አለች ፈገግ ብላ። «ኳስ ሜዳ ይዞት ይሂድ ብዬ ለሀፊዝ የሰፋሁለት…»

ከዚያ ጣቷ ሜትሩን አገኘ። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰች ሄደች። ክሩ የተቋጠረበት ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«የት አገኘሽው?»

ሥርጉት ነገረቻት። ሐምሌ እንደነበር፣ ከጋላፊ ማዶ እንደነበር፣ ሰባት ወይም ስምንት እንደነበሩ፣ አንዱ ጀሪካን ገልብጦ እንደሮጠ ነገረቻት። ፊቱን እንዳላየችው ነገረቻት። ስለሺ በኋላ ከድንጋይ ሥር እንዳገኘው፣ አጠገቡም ሰው እንዳልነበረ ነገረቻት።

«ሲሮጥ ምን አደረጋችሁ?»

«አልቆምንም።»

«ውሃ አልነበራችሁም?»

«ነበረን።»

ረሂማ ጀሪካኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። ስትጮኽ ሙና ከውስጥ ሮጣ ወጣች።

«ስለሺ! አንተ ስለሺ! ከቤቴ በልተህ ጠጥተህ፣ የልጄን ጥም አይተህ አለፍክ? ውሃ ጭነህ አለፍክ? አንተም አፍህ ደርቆ ነው አሉ የተገኘኸው፤ የእጅህን አገኘህ! የእጅህን አገኘህ!»

ያን ጊዜ ሥርጉት መናገር ነበረባት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። የሞተ ሰው እርግማን አይሰማም፣ አይጎዳውም ብላ አሰበች። እንዲህ ብላ ዝም አለች።

ሙና ጀሪካኑንም እናቷንም አየች። ከዚያ ሥርጉት ላይ አፈጠጠች።

«ስንት ዓመት ሆነው ይሄ ነገር እርስዎ ዘንድ ከገባ?»

«ስምንት።»

«ስምንት ዓመት ሙሉ እዚህ እየመጡ አሚን ይሉ ነበር?»

ረሂማ ዓይኗን ሳታነሣ፣ «ሙና፣ ሻንጣሽን ፍቺው» አለች። «የትም አትሄጂም። አንቺ ደግሞ…» አለች ወደ ሥርጉት፤ ስሟን ሳትጠራ። «አንቺ ሂጂልኝ።»

ቅዳሜ ከሐርቡ የተነሡት ተነሡ። ሙና አልተነሣችም። ይህን ለሥርጉት በስልክ የነገረቻት ትህትና ናት። ረሂማ ለቅሶ አልተቀመጠችም፤ ሰደቃም አላወጣችም። ጀሪካኑን ግን አልጋዋ ራስጌ አስቀምጣዋለች አሉ።

በደሴ የሥርጉት ቡፌ መስታወት ደረቀ። ብርጭቆው ሞልታ እንዳስቀመጠችው ይገኛል። ይህ ሊያሳርፋት ይገባ ነበር፤ አላሳረፋትም። ጠዋት ጠዋት የሞላውን ብርጭቆ ስታይ፣ ሰው ጥሏት የሄደ ይመስላት ጀመር።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ስልኳ ጮኸ። ረሂማ ነበረች። ሰላም አላለችም። ከበስተጀርባዋ የስፌት መኪናው ይሰማል።

«በየት በኩል ነው የሮጠው?»

«በእኔ በኩል» አለች ሥርጉት። «በቀኝ።»

ስልኩ ተዘጋ።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ደወለች። «ጫማ ነበረው?» ሥርጉት አላየሁም አለች። በሦስተኛው ቀን፣ «ጥላ የሚሆን ዛፍ አለ?» አለች። የለም። በአራተኛው ቀን፣ «ከዚያ ተነሥቶ ባሕሩ ስንት ቀን ነው?» እያለች በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃለች፤ መልሱን ሰምታ ትዘጋለች። ሥርጉት ለመምህራኑ በሳቅ ያወራችውን መንገድ አሁን ስንዝር በስንዝር መለሰችው። ሳቅ የሌለበትን ሁሉ፣ ድንጋዩን፣ ነፋሱን፣ የውሃውን ጨው ተናገረች። ረሂማ መንገዱን በእግሯ እየሄደችው መሆኑ ገባት። ልጇ የሄደበትን እየሄደች ነው፤ መሪዋ ሥርጉት ናት።

አንድ ቀን ግን አልጠየቀችም።

«ውሃ ከአጠገቡ አስቀምጬለት ነበር» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። «ጠዋት ሳየው ጎድሏል። አብጃለሁ ልበል?»

ሥርጉት የብርጭቆውን ነገር ለሰው ተናግራ አታውቅም።

«አላበድሽም» አለች። «እኔም ቤት ይጎድል ነበር።»

ረሂማ ስልኩን እንደ ወትሮው ወዲያው አልዘጋችም።

ከዚያ በኋላ አራት ቀን ሳትደውል ቀረች። በአምስተኛው ቀን ሥርጉት ስልኩን እጇ ላይ ይዛ ጠበቀች። አስር አለፈ። ሊመሽ ሲል ጮኸ። የስፌት መኪናው እንደ ወትሮው ይሰማል፤ ረሂማ ግን ድምፅዋ ለስልሷል፣ የቀድሞዋን ረሂማ መስሏል።

«ሼኹ መጥተው ነበር» አለች። «የሞተ ሰው ላይ ቂም መያዝ ለራስ ሸክም ነው አሉኝ። እኔም ሳስበው አደርኩ። ባልሽ ክፉ ሰው አልነበረም። ሙና ስትታመም በእኩለ ቀን ሥራ ትቶ በዚያ ትልቅ መኪና ሐኪም ቤት ያደረሰልኝ እሱ ነው። ምን ነክቶት እንደሆነ አላህ ያውቃል። ስለሺን አፉ ብዬዋለሁ፣ ሥርጉት። ከዛሬ ጀምሮ አልረግመውም። አንቺም ነይ፤ እኔ ብቻዬን ቀረሁ፣ አንቺም ብቻሽን ቀረሽ።»

ሥርጉት መስኮቱ አጠገብ ቆማ ነበር። ጓደኛዋ ተመልሳላት ነበር። ማለት ያለባት፣ እሺ፣ ሐሙስ እመጣለሁ ብቻ ነው። የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቀው ሰው አፈር ገብቷል። እሱ በሕይወት ሳለም አላወጣባትም። ዞር ብሎ ያያት አስተያየት ግን መጣባት። የተቆጣ ሰው ዓይን አልነበረም፤ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ዓይን ነበር። ያን ጊዜ አይደለሁም ብትለው መኪናው ይቆም ነበር።

«አትማሪው» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ስለሺን አትማሪው። የሚማር ነገር የለበትም። እሱ ሊቆም ነበር፤ እግሩን አንሥቶ ነበር። አትቁም ያልኩት እኔ ነኝ።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

ሥርጉት ስልኩን በጆሮዋ ላይ እንደያዘች ጠበቀች። በዚያ በኩል ባጃጅ ሲያልፍ፣ ሙና ከሩቅ አንድ ነገር ስትጠይቅ፣ ረሂማም ሳትመልስላት ስትቀር ሰማች። እርግማኑን ጠበቀች፤ በስሟ ተጠርታ የምትረገምበትን ቃል ጠበቀች። ስልኩ ሲዘጋ የሚሰማውንም ድምፅ ጠበቀች። አንዱም አልመጣም። የሚሰማው የረሂማ ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ዳገት እንደወጣ ሰው ትንፋሽ።

ብዙ ቆይታ ረሂማ፣ «እስኪ እንደገና ንገሪኝ» አለች። «ከጋላፊ ጀምሪ። እሱ ምን አለ፣ አንቺ ምን አልሽ፣ አንድ ቃል ሳታስቀሪ። ምሬሽ እንዳይመስልሽ።»

ሥርጉት ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ነገሩ ረጅም ነበርና። ከዚያ ጀመረች።